በቅንፍ ውስጥ ያለው ሰውዬ

ለውድ እህቴ ለእታለምዬ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽ እንዴት ነው፣ አሁንም ደረጃ በወጣሽ ቁጥር እየተቆጣሽው ነው ወይስ ታርቃችኋል? የእማዬ ዓይን ከታከመች ወዲህ ጠራላት? ባለቤትሽስ ሥራው እንዴት ይዞታል? ልጆቹስ? ስለ እያንዳንዳችሁ ለየብቻ እንደጠየቅኩ ቁጠሪልኝና መልሱን ለየብቻ ጻፊልኝ፤ ባለፈው «ሁላችንም ደህና ነን» ብለሽ በአንድ መስመር አሳልፈሽኛል፣ አልረሳሁትም። እኔ አካሌ ደህና ነው። ልቤም ደህና ነው ብዬ ብጽፍልሽ ግን ሁለተኛው መስመር ላይ ትይዥኛለሽና እውነቱን ልንገርሽ፤ ግራ ገብቶኛል።

መልስ ያዘገየሁት ረስቼሽ አይደለም። እስክሪብቶ ባነሳሁ ቁጥር የነገሩ ውል እየጠፋብኝ ነው። ዛሬ እንደመጣልኝ እጽፈዋለሁ፣ አንቺ እንደለመድሽው ፈታ አድርገሽ አንብቢው።

ጋሽ ይደርን ታስታውሻቸዋለሽ፤ የመጀመሪያ መጽሐፌን ያሳተሙልኝ ሽማግሌ። ስማቸው ሌላ ነው። ማንም ረቂቅ ይዞ ቢሄድ ገና ገጹን ሳይገልጡ «ይደር» ስለሚሉ፣ እኛ ጸሐፊዎቹ ያወጣንላቸው ስም ጸንቶ ቀረ። ቢሯቸው ከጫማ መሸጫው በላይ ያሉት ሁለት ጠባብ ክፍሎች ናቸው። አንደኛው ውስጥ እሳቸውና ጠረጴዛቸው አሉ፤ ሌላኛው ውስጥ ያልተሸጡ መጻሕፍት እስከ ጣሪያ ተደርድረው መስኮቱን ጋርደውታል። እኚህ ሰው ባሳተሙት መጽሐፍ ላይ አንድም ቀን ስማቸው እንዲወጣ ፈቅደው አያውቁም። አንባቢ መጽሐፉን እንጂ መጽሐፉን ያረመውን ማየት የለበትም ባይ ናቸው። ምስጋና ልጻፍልዎ ብዬ ብለምናቸው እንኳ በቀይ ሰርዘውታል።

ኮምፒውተር የለመዱት በስተርጅና ነው። ድሮ ኅዳግ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የሚያሰፍሩትን ተግሣጽ፣ አሁን ኮምፒውተሩ ላይ ኅዳጉ የት እንዳለ ማግኘት ስላቃታቸው፣ እዚያው ጽሑፌ መሐል ቅንፍ ከፍተው ይጽፉታል። እኔም ከሥሩ ሌላ ቅንፍ ከፍቼ እመልስላቸዋለሁ። እሳቸውም መልሱን በሌላ ቅንፍ። አንድ ገጽ ውስጥ አንዳንዴ ከታሪኩ ይልቅ ጭቅጭቃችን ይበዛል። ሁለታችንም ለምደነው ስለነበር ምንም አይመስለንም፤ ሲያልቅ ቅንፉን ሁሉ ለቅሜ አወጣና የጸዳውን እሰጣቸዋለሁ።

አዲሱ ልብ ወለዴ ስለ ሁለት ጎረቤታም ሴቶች እንደሆነ ነግሬሻለሁ። በአንድ ግድግዳ ተለያይተው፣ በምን እንደተጣሉ እንኳ ረስተው፣ ዕድሜ ልካቸውን ተኮራርፈው ይኖራሉ። ጨርሼ ስወስድላቸው ጋሽ ይደር «ይደር» ሳይሉ ቀሩ። ያኔ ነው የደነገጥኩት። የወረቀት ዋጋ አልቀመስ ብሏል አሉኝ። መጻሕፍት መደብሮቹ አንድ በአንድ ስልክ መሸጫ ሆነዋል፣ እኔም ክፍሎቹን ልለቅ ነው አሉኝ። ከዚያ አንገታቸውን አቀርቅረው፣ ሰው አሁን በስልኩ ነው አሉ የሚያነበው፣ አሳታሚም አያስፈልግም አሉ፣ ራስሽ አውጪው አሉኝ። ይህን ሲሉ የኮታቸውን ቁልፍ ይፈቱና መልሰው ይቆልፉ ነበር።

እሺ ብዬ ገባሁበት። መጻፍ ብቻ የማውቀው ሴትዮ በአንድ ሳምንት ውስጥ የሽፋን ሠዓሊ፣ ማስታወቂያ ነጋሪ፣ ሻጭና ፖስተኛ ሆንኩልሽ። መጽሐፍ በስልክ የሚያስነብበው መተግበሪያ «ጸሐፊ» ለሚለው ስም ሙዪ አለኝ፣ ሞላሁ። ከሥሩ «አሳታሚ» ይላል። እዚያ ጋ እጄ ቆመ። የጋሽ ይደርን እንዳልሞላ አይወዱም፤ ባዶ ልተወው ብል እምቢ አለኝ። የራሴኑ ስም ደግሜ ሞላሁት። ዓይኑን ሳያሽ ተቀበለኝ። እውነት እልሻለሁ፣ ባለቤቱ ለጥቂት ጊዜ ብድግ ያለበት የሰው ወንበር ላይ የተቀመጥኩ መሰለኝ።

ከዚያ ምዕራፎቹን መልቀቅ ጀመርኩ። ስህተቱ የተፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ኮምፒውተሬ ውስጥ ያሉት ረቂቆች ስማቸው «የመጨረሻው»፣ «የመጨረሻው መጨረሻ»፣ «አሁንስ የምር የመጨረሻው» ነው። የጸዳው የትኛው እንደሆነ አውቃለሁ ባይዋ እኔ ከነቅንፉ ያለውን ለቀቅኩት። የጋሽ ይደር ተግሣጽ፣ የእኔ ክርክር፣ አንዲት ሳትቀር ከታሪኩ ጋር ወጣች።

እንዴት እንዳወቅኩ ስሚኝ። እንደምታውቂው ቀን ቀን የውሃ ክፍያ መስኮት ላይ ነኝ። ሰልፉ መሐል አንዲት ነርስ፣ ነጭ ጋዋኗን እንኳ ሳታወልቅ የመጣች፣ ስልኳን እያየች ትንፈቀፈቃለች። ከፊቷ ያለችው ሴት ምን ሆነሽ ነው ብትላት ጮክ ብላ አነበበችላት፤ «ይህች ሴትዮ በአንድ ገጽ ሦስቴ አለቀሰች። እንባዋ ከቧንቧ ነው እንዴ የሚመጣው?» ክው አልኩ። የዚያ ነገር ባለቤት ማን እንደሆነ በዚያ ሁሉ ሰልፍ ውስጥ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ቀጥላ የእኔን መልስ አነበበች፤ «ጋሽዬ፣ ባሏ እኮ ነው የሞተው!» ቀጥላ የእሳቸውን፤ «ባሏ የሞተው ምዕራፍ ሁለት ላይ ነው፣ አሁን አምስት ላይ ነን። ይበቃታል።» ሰልፉ በሙሉ አውካካ። እኔ ደረሰኙን ማኅተም እመታለሁ ብዬ ጣቴን መታሁት።

ተራዋ ሲደርስ ምን እንደምታነብ ጠየቅኳት። እኔ መሆኔን በምን ታውቃለች? በደስታ ታስረዳኝ ጀመር። አንዲት ደራሲና አንድ ነዝናዛ አሳታሚ የሚጨቃጨቁበት ታሪክ ነው አለችኝ። ሁለት የተኮራረፉ ሴቶችም አሉበት፣ እነሱ ግን ለጭቅጭቁ ሰበብ ናቸው አለችኝ። ሰውየውን የፈጠረውን ባገኘው እጁን እስመው ነበር አለችኝ። ዓመታት የለፋሁባቸው ሴቶቼ፣ እታለም፣ ሰበብ ሆነው ቀሩ! ልናደድ ወይስ ልደሰት? አንጀቴ አረረ፣ አፌ ግን ፈገግ አለ። ሂሳቧንም አሳስቼ መለስኩላት መሰለኝ።

የምሳ ሰዓት እንደደረሰ ሁሉንም አውርጄ የጸዳውን ተካሁበት። ጉድ የፈላው ያን ጊዜ ነው። አንባቢ በቁጣ ነደደ። የቅንፉን ሰውዬ የት አደረሳችሁት የሚል መዓት ወረደብኝ። አንዱ ታሪኩ ጨው አነሰው አለ። አንዷ ሰውየው ታመሙ እንዴ ብላ ተጨነቀች። ሌላው ደግሞ ደራሲዋ አሳታሚዋን በቅናት አባረረቻቸው ብሎ ፈረደብኝ። ድሮ መጽሐፍ ከታተመ ታተመ ነው። የሚያማኝ ሰው በየቤቱ ሆኖ ያማኛል፣ እኔም አልሰማ። አሁን ግን አንባቢው እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገሬ ሥር ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። ያዛል፣ ያርማል፣ ይህን መልሺ ያንን አውጪ ይላል። የማሳትመው እኔ፣ የሚያርመኝ የማላውቀው ሰው፣ የሚወደደው ደግሞ መጽሐፍ ላይ አልታይም ያለ ሽማግሌ። ማን ምን እንደሆነ ዞረብኝ።

ጋሽ ይደር ከሌላ ሰው ከሚሰሙ ብዬ ሄድኩ። መጻሕፍቱን ካርቶን ውስጥ እየከተቱ ነበር። የሆነውን ነገርኳቸው። አንባቢዎቹ የጻፉትንም አነበብኩላቸው፤ ይስቃሉ ብዬ ነው። አልሳቁም። ካርቶኑ ላይ ተቀመጡና «ለአንቺ ያልኩትን አደባባይ አወጣሽው?» አሉኝ። አንቺ እንድትበረቺበት የጻፍኩት እኮ ነው፣ ሰው እንዲስቅበት አይደለም አሉኝ። ደም ሥራቸው ተገታትሮ ቢጮኹብኝ በቀለለኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የተናገሩት።

ከዚያ በኋላ ስልኬንም አላነሱ። በዚህ እንኳ አይቀየሙም እላለሁ፤ ቆይቼ ደግሞ፣ እንዴት አይቀየሙ እላለሁ። ሥራ ቦታ ለራሴ ሳወራ አለቃዬ ሰምቶኝ ፈቃድ ውሰጂ ብሎኛል፤ ይህን ለእማዬ አትንገሪያት።

አንድ እሑድ በሬ ተንኳኳ። ብከፍት ጋሽ ይደር ናቸው፣ ቤቴን ረግጠው የማያውቁት ሰው። ያን ሁሉ ፎቅ በእግራቸው ወጥተው ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ውሃ ሰጠኋቸው። ጠጥተው ሳይጨርሱ ከኮታቸው ኪስ የታጠፉ ወረቀቶች አወጡ። ለካስ አስበው አስበው፣ መታየቴ ካልቀረ በወጉ ልታይ ብለው፣ በቅንፍ ያሉትን ሁሉ አርመውታል! እንባዋ ከቧንቧ ነው እንዴ ያሉት ሰውዬ፣ «የገጸ ባሕሪዋ ሐዘን በመጠኑ ቢቀነስ መልካም ነው» ብለው ጽፈዋል። ዝናቡን አስወጪልኝ፣ ምን አደረገሽ ያሉትን፣ «የአየር ሁኔታው ገለጻ ቢታሰብበት» አድርገውታል። ሁሉም እንደዚያ ነው። ጨዋ፣ የተቀባባ፣ ነፍስ የሌለው።

ምን እንዳደረግኩ ልንገርሽና ፍረጂኝ። እስክሪብቶ አነሳሁ። ቀይ ስላልነበረኝ በሰማያዊ ከላይኛው መስመር ጀምሬ ሰረዝኩባቸው። እዚህ ጋ ፈርተዋል ብዬ ጻፍኩ። ይህን የጻፈው ማን ነው፣ እርስዎ አይደሉም ብዬ ጻፍኩ። እሳቸው ከጠረጴዛው ማዶ እጃቸውን አጣምረው፣ እኔ እሳቸው ፊት የምቀመጠውን አቀማመጥ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። አንዴ «እባክሽ፣ ይህችን እንኳ ተይልኝ» አሉኝ። አልተውኩላቸውም። ስጨርስ ወረቀቱን ተቀብለው ደጋግመው አዩትና ጨካኝ ነሽ አሉኝ። ደስ ብሏቸው ይሁን ከፍቷቸው እስካሁን አልገባኝም። ብቻ የመጀመሪያው እንዳለ ከነቅንፉ ይመለስ ብለው ፈቀዱ። ስማቸው ግን እንዳይጠራ፤ በዚያ አልተደራደሩም።

መለስኩት። አንባቢው ፈነደቀ። ምዕራፍ በምዕራፍ ለቅቄ አሁን የቀረው የመጨረሻው ብቻ ነው። የተቸገርኩት እዚህ ላይ ነው፤ ይህን ሁሉ ያስለፈለፈኝም እሱ ነው።

በመጨረሻው ምዕራፍ አንደኛዋ ሴት ትሞታለች። ሌላዋ ግድግዳው ሥር ትቀመጥና በጣቷ ታንኳኳለች። ሌላ ምንም የለውም። በዚህ ምዕራፍ ላይ ጋሽ ይደር በየትኛውም ረቂቅ አንዲት ቅንፍ አልከፈቱም። ደክሟቸው ነው፣ ወይ ሳያነቡት ነው ብዬ ስንት ጊዜ በሆዴ እንደታዘብኳቸው ብታውቂ። አንባቢው ግን ሰውየው መጨረሻው ላይ ምን ይሉ ይሆን እያለ ይወራረዳል። ለሴቶቼ የሚጨነቅ አንድ ሰው አላየሁም፤ ሁሉም እሳቸውን ነው የሚጠብቀው።

ትናንት ክፍሎቹን ሲያስረክቡ ላግዛቸው ሄድኩ። ባዶ ሆኖ ሳየው ያ ክፍል ለካ ሰፊ ነበር። ካርቶኖቹን አውርደን ስንጨርስ፣ በር ላይ ቆመን፣ ለመጨረሻው ምዕራፍ አንድ ነገር ይጻፉልኝ ብዬ ለመንኳቸው፤ ግሣጼም ቢሆን፣ ስድብም ቢሆን። ቁልፉን ከቀለበቱ አወጡ። በኋላ «እዚያ ጋ የምለው የለኝም» አሉኝ። «ሌላው ላይ ሥራዬን እየሠራሁ ነበር። እዚያ ጋ ስደርስ ግን ማንበብ ጀመርኩና ሥራዬን ረሳሁት።» ይህን ብለው በሩን ቆለፉት።

ከዚያ ወዲህ ቀልቤ ከእኔ ጋር የለም። በዚህ ሁሉ ዘመን ከእሳቸው የሰማሁት ትልቁ ምስጋና ይህ ነው፣ እሱም ያልተጻፈው ነው። ምዕራፉን እንዳለ ባወጣው አንባቢው ሰውየውን ፈልጎ ሲያጣ ጎደሎ ነው ብሎ ይጥለዋል። እንዲህ አሉ ብዬ ከራሴ ፈጥሬ ቅንፍ ውስጥ ብከትላቸው ደግሞ የሰጡኝን መልሼ መንጠቄ ነው። ዝም ማለታቸውን ለአንባቢው ልንገር ብል፣ ከተነገረ ምኑን ዝምታ ሆነ? ድሮ ቢሆን እንዲህ ሲጨንቀኝ አሳታሚዬን እጠይቅ ነበር። አሁን አሳታሚዋ እኔ ሆንኩና የምጠይቀው ሰው አጣሁ።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ የላከልኝ ሹራብ እጅጌው ከእጄ አልፎ ለጎረቤትም ይተርፋል በይው፣ ግን ሞቆኛል። ትልቋን ልጅሽን ግንባሯን ሳሚልኝ፣ ደራሲ እሆናለሁ ማለቷን ካልተወች ቆይተን እንነጋገራለን በያት። ቀበጡን ትንሹን ደግሞ አንዴ ቆንጥጠሽ ሁለቴ ሳሚልኝ። እማዬን ጉንጮቿን፣ ዓይኖቿን፣ እጆቿን ሳሚልኝ። የመጨረሻውን ምዕራፍ በወረቀት አድርጌ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ሥራ ስትፈቺ እማዬ አጠገብ ተቀምጠሽ ጮክ ብለሽ አንብቢላት። ስትጨርሺ የምትሉት ነገር ካለ ጻፉልኝ። ሁለታችሁም የምትሉት ካጣችሁ ደግሞ፣ እንዳጣችሁ ጻፉልኝ።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ

ከውሃ ክፍያው መስኮት ጀርባ፣ ሰልፉ ሳይጀመር
ሐሙስ፣ ወሩ በገባ በዘጠነኛው ቀን