መስመሩ ሲቋረጥ የሚደወልለት ሰው

ውድ ተስፍሽ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሳምንታት ቀሩት። ቤታችን እንደተውከው አይደለም። ከሰው ወደ ሰው የሚጋባ በሽታ አገር ውስጥ ገብቶ ክሊኒኩ ከተዘጋ ወዲህ ጭንቀት የያዛቸውን ሰዎች የማነጋግረው ከመኝታ ቤታችን ሆኜ፣ በስልክ ቪዲዮ ነው። ብትኖር ኖሮ ሰው በስልክ ይታከማል ወይ እያልክ ትስቅብኝ ነበር። ፎቶህን ሰው እንዳያየው ከኋላዬ አንስቼ ፊት ለፊቴ፣ ከስልኩ በላይ ሰቅዬዋለሁ። እነሱን የማይ ይመስላቸዋል፤ አንዳንዴ የማየው አንተን ነው።

የትናንቱን ልንገርህ። ስሟን አልነግርህም፤ በሕይወት ሳለህም የማንንም ስም ነግሬህ አላውቅም። ከባሏ ቤተሰብ ጋር የምትኖር አራስነቷን ገና የጨረሰች ልጅ ናት። ድንገት ደረቷን ይጨምቃታል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ሕፃኑን የምትጥለው ይመስላታል። ቤቱ ሰው ስለሚበዛበት የምታወራኝ ጓዳ ገብታ፣ ሬዲዮ ከፍታ ነው።

ከማንም ጋር ስጀምር መስመሩ ቢቋረጥና ባላገኝሽ ለማን ልደውል ብዬ እጠይቃለሁ። እሷ ብዙ አስባ የአማቷን ቁጥር ሰጠችኝ፤ ሌላ ሰው አልነበራትም። ነገር ግን እጅግ ካልባሰ በቀር እንዳልደውል ቃል አስገባችኝ። አማቷ ብትሰማ ልጄን ለእብድ ዳርኩት ትላለች ብላ ትፈራ ነበር።

ትናንት ስናወራ መሃል ላይ ያዛት። እግሯን ሲሚንቶው ላይ አጥብቃ እንድታሳርፍ፣ ትንፋሿን ቀስ አድርጋ እንድታወጣ፣ ዓይኗ ያረፈበትን ሁሉ እንድትነግረኝ አደረግኳት። ጆንያ አለች፣ ባልዲ አለች። ሕፃኑ እጇ ላይ ነበር። ከዚያ ምስሉ ቀጥ አለ፣ ወዲያው ጠፋ። በተራ ጥሪ ብሞክር ብሞክር አይገባም። የመቀሌን ኔትወርክ ታውቀው የለ፤ እሱ ነው አልኩ። ግን ሕፃኑስ? ፎቶህን ቀና ብዬ አየሁ። ሰው ስታረጋጋ አብራ የምትተነፍሰው ሚስትህ ትንፋሽ አጠራት። ለአማቷ ብደውል ልጅቱ ዳግመኛ አታምነኝም፤ ባልደውል ደግሞ የሚሆነውን ማሰብ አልፈለግሁም። ደወልኩ።

ለአማቷ ከምራቷ ጋር ስናወራ መስመር እንደተቋረጠ ብቻ ነገርኳት። ምንም ሳትጠይቅ አጠገቧ እንድትቀመጥ ለመንኳት። ስልኩን ሳትዘጋ ሄደች። ኮቴዋ ተሰማኝ፣ በር ሲከፈት ተሰማኝ፣ ከዚያ ሬዲዮው ብቻ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩት። በመጨረሻ ሕፃኑ አለቀሰ፤ ለቅሶ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ቀጥሎ ሴትዮዋ ኣጆኺ ጓለይ፣ አይዞሽ ልጄ እያለች ልጅቱን ስታባብል ሰማሁ። እኔም እዚሁ አልጋችን ላይ አለቀስኩ።

ዛሬ ጠዋት ልጅቱ ደወለች። ቃልሽን በላሽ አለችኝ፤ አላስተባበልኩም። ሰዓታችንን በሙሉ አኩርፋኝ ተቀመጠች፣ ግን አልዘጋችውም። ሬዲዮው የለም። ልንሰነባበት ስንል፣ አማቷ ሰው እንዳይገባ በርጩማ ይዛ በሩ ላይ እንደተቀመጠች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ።

ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን ስቀር ነገሩ ወደ ራሴ ዞረ። የኔ መስመር ቢቋረጥ ለማን ይደወላል? አንተ ነበርክ። ከሥራ ከብዶኝ ስመጣ እንዳ ኢየሱስ ዳገት ድረስ በእግር ይዘኸኝ ትወጣና እስክናገር ትጠብቀኝ ነበር። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች እያልክም ትተርብብኝ ነበር፤ ይኸው አረረ። እህትህ ከቃላሚኖ በየሳምንቱ ልምጣ ስትለኝ በበሽታው እያመካኘሁ ደህና ነኝ ስላት ከረምኩ። ናፍቀኸኛል፣ ቤቱ ያስፈራኛል፣ ደህናም አይደለሁም። ዛሬ ደውዬ ይህንኑ ነገርኳት። ጓዟን ይዛ እየመጣች ነው።

ለሙት ዓመትህ ድንኳን አይተከልም፣ ሰውም አይሰበሰብም። እኔ ግን እስካለሁ አስታውስሃለሁ፤ ከእንግዲህ ብቻዬን አይደለም።

ባለቤትህ