የሞጣው ወፍ ስም

ሰኞ፣ ጥቅምት 3። ጠዋት፣ ቢቸና

ሽሮው ዛሬም አረረ። ጠበቃዋ የምትደውለው ሁልጊዜ ሽሮ ሲንተከተክ ነው። ደብተሬ ሆይ፣ አስታውስ፦ የእህቴ ልጅ እንዳላማው ባሕር ማዶ ታስሯል። ሞጣ ላይ ባለ ወፍጮውን አያሌውን በፋስ ገድሏልና አሳልፋችሁ ስጡን ተብሏል። እዚያ የቆመችለት ጠበቃ፣ ጥያቄው የፍ/ቤትን ሥርዓት መጫወቻ ማድረግ ነው፣ ማስረጃው ይገለጥልን ብላ ተሟግታለች። የሞጣ ዐ/ሕግ የላከላት «ስሙ ያልተገለጸ የዐይን ምስክር» የምትል ቃል ብቻ። ማን ነው? አለችኝ። እኔን፣ የጡረታ መምህሩን።

ልጁ ቢመጣ ችሎት አይደርስም። የሟች ወንድሞች በር ላይ ይከትፉታል። ሥጋ ቤት አላቸው፤ ዕቃ አይቸግራቸውም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4። ሞጣ

በደብረ ወርቅ በኩል፣ በሚኒባስ። ኩላሊቴ አሁንም መንገድ ላይ ነው። ዐ/ሕግ ጽ/ቤት ትሁት ወጣት አገኘሁ። መዝገቡ ምስጢር ነው። ለምን ምስጢር ሆነ? እሱም ምስጢር ነው።

ከሰዓት አያ ተገኘ ዘንድ። ያን ጊዜ አውጫጭኙን የመሩ ሽማግሌ። ገዳይ ሲጠፋ አገሩ በሙሉ ሜዳ ላይ ይቀመጣል፤ ያየ ሰው ለሽማግሌው በጆሮ ይነግራል፤ ሽማግሌው ተነሥቶ «ወፌ ነገረችኝ» ይላል። የወፏን ስም ያወጣ የተረገመ ነው። ፖሊስ ይህን ሰምቶ ወፏን ጠራት፤ ላባዋን ነቅሎ የዐይን ምስክር አደረጋት።

አያ ተገኘ ምላሴ ይቆረጥ አሉ። ሲሸኙኝ ግን ማዶ ያለውን የቆርቆሮ ቤት አዩ። አየት አድርገው መለስ አላሉም፤ ቆይተው አዩት። ምላሳቸው ምሏል፤ ዐይናቸው አልማለም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5። ሞጣ

የቆርቆሮ ቤቱ የገረመው ነው። ልብስ ሰፊ። ጠላ አቀረበልኝ፣ ከደጁ ተቀምጬ ጠጣሁ። ከዚያ ጓዳ ገብተን ሸሚዙን ገለጠ። ጀርባው የታረሰ ማሳ። የሟች ወንድሞች ከአውጫጭኙ በፊት ሥጋ ቤት አስገብተው መንጠቆ ላይ ሰቀሉት። ገዳዩን አያውቁም፤ ደም ግን ባለቤት ይፈልጋል። እንዳላማው ከሟች ጋር ወፍጮ ላይ ተጣልቶ ነበር፤ በቃ፣ እሱን በል አሉት። እምቢ ሲል ቀኝ አውራ ጣቱን በመዶሻ። እንዳላማው ነው አለ። በግድያው ዕለት ግን እሱ ራሱ ደብረ ወርቅ ነበር፤ ምንም አላየም።

መርማሪው ይህን ያውቃል? ያውቃል። ደሙ ወረቀቱን እንዳያበላሽ ጨርቅ ሰጥቶ በግራ ጣቱ አስፈረመው። ንጹሕ ሥራ።

ጋሼ፣ እኔ ወፍ አይደለሁም፣ የተዘለዘለ ዶሮ ነኝ ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ስሜን ግን አደራ፣ ልጆች አሉኝ። እሺ አልሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7። ቢቸና

ጠበቃዋ የነገርኋት ሁሉ የምስክሩ ስም ከሌለ ዋጋ የለውም ትላለች። ቀጠሮው ቀርቧል። እህቴ መጣች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ። «ወንድምዓለም፣ የሰው ልጆች አሳዝነውህ የኔን ታሳርዳለህ?» ብዙ መጽሐፍ አንብቤአለሁ፤ አንዱም አልረዳኝ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10። ሞጣ፣ ሐኪም ቤት

ገረመውን ቆረጡት። ትናንት በጠራራ ፀሐይ፣ ሦስቱም የሟች ወንድሞች፣ በካራ። ትከሻው እስከ አጥንቱ ተከፍቷል፤ ግራ ጆሮው የለም። ፖሊስ እያጣራ ነው። ሥጋ ቤቱ ክፍት ነው።

ያስቆረጥሁት እኔ ነኝ። የተከሳሽ አጎት ከቢቸና መጥቶ የማን ደጅ ጠላ እንደጠጣ ሞጣ ሁሉ አየ፤ ወንድማማቾቹም ምን እንደነገረኝ ገመቱ። ያገር ሰው ሆኜ፣ እያወቅሁ! ሌላ ሰው በየደጁ ገብቶ ከየቤቱ ይቀምስ ነበር፣ የማን እንግዳ እንደሆነ እንዳይለይ። እኔ ስሙን ለፍ/ቤት ደብቄ ለገበያው ገለጥሁት።

ሚስቱ በር ላይ አገኘችኝ። «መጡ? የቀረውን ጆሮ ሊወስዱ ነው?» ልጆቹን አያ ተገኘ ወስደዋቸዋል፤ ምንሽራቸውን ይዘው ደጃቸው ላይ ተቀምጠዋል አሉ።

ገረመው በቀኜ በኩል ተናገር አለኝ። ይቅርታ ልል ስጀምር አቋረጠኝ። አሁን ማንን ልፈራ ነው፣ ስሜን ከነአባቴ ጻፍ፣ ፊቴንም አንሣው። ስልኬን ደገንሁ። መንጠቆውን፣ መዶሻውን፣ ጨርቁን በራሱ አፍ ተናገረ። ሲደክመው ሚስቱ ውሃ አጠጣችው፤ ቀጠለ። ሲጨርስ ደህና ወጣሁ? አለ። ደህና ወጥተሃል አልሁ። ዋሸሁ።

ኔትወርኩ መጣ፣ ሄደ፣ መጣ። ለጠበቃዋ ተላከ።

ቢቸና አልመለስም። ወንበሬን ከአልጋውና ከበሩ መካከል አድርጌአለሁ። እዚህ የሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው እኔን ነው።