ክኒኑን ከሳህኔ አጠገብ አታስቀምጪ

እታለም፣

ከዳቦ ቤት ደክመሽ ስለገባሽ አልቀሰቀስኩሽም። ሾርባው ምድጃው ላይ ነው፤ አሙቂው።
የጓዳው መስኮት አልዘጋ ብሏል።

ዛሬ ማታ ክኒኑን ከሳህኔ አጠገብ አታስቀምጪ። ኦፕራሲዮን ልሆን ሄጃለሁ።

ዓመት ሙሉ «የሐሞትሽን ጠጠር ያሟሟዋል፣ ታገሺ» እያልሽ እስክውጠው ፊቴ ትቆሚ ነበር። ትናንት ሐኪሙ በአልትራሳውንድ ሲያያቸው ጠጠሮቹ ቅንጣት አልሟሙም፤ ጭራሽ አንዱ ወርዶ ቱቦው ላይ ተሰንቅሯል። ዓይኔ ቢጫ የሆነው ለዚያ ነው እንጂ አንቺ እንዳልሽው እንቅልፍ አጥቼ አይደለም።

ሕመሙ ሲያጣጥፈኝ «ኦፕራሲዮን ይሻለኛል» ባልኩ ቁጥር ታለቅሻለሽ። ስታለቅሺ ደግሞ ሆድ ይፍጀው እላለሁ፤ ክኒኑንም ነገሩንም አብሬ እውጣለሁ።

እማዬ ኦፕራሲዮን የገባች ቀን ጫማዋን ታቅፈሽ በር ላይ የጠበቅሽው አንቺ ነሽ። ጫማውን ብቻ ይዘሽ የተመለስሽውም አንቺው ነሽ።
አልፈርድብሽም።
የታመምኩት ግን እኔ ነኝ።

ጎረቤታችን ነርሷ አብራኝ ናት፤ ሲያልቅ ትደውልልሻለች። አንቺ አትምጪ።

ደህናውን ጫማዬን አልጋው ስር ትቼ በነጠላ ጫማ ሄጃለሁ፤ እሱንም ነርሷ ትይዘዋለች።
አንቺን ዳግመኛ ጫማ አላስታቅፍሽም።