በሚስታቸው ላይ ጣውንት ያመጡት የጋሽ ጠርሙስ የሕይወት ታሪክ

ወንድማችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1949 ዓ.ም. ተወለዱ። ትምህርታቸውን በተወለዱበት ሰፈር ጨርሰው በ1970 ዓ.ም. ከላቦራቶሪ ማሠልጠኛ ተመረቁ። ከዚያ ጀምሮ እስከ ጡረታቸው የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ክፍልን አልለቀቁም።

በማይክሮስኮፕ የታየ ጀርም መድኃኒት ይግደለው አይግደለው አያስታውቅም። ስለዚህ ወንድማችን የታማሚውን አክታ ከእንቁላል የተዘጋጀ ምግብ ባለባቸው ጠርሙሶች ያሳድጉ ነበር። በአንዳንዶቹ መድኃኒት ይጨምራሉ፤ ከሳምንታት በኋላ እዚያም ከበቀለ ጀርሙ መድኃኒቱን ተላምዷል ማለት ነው። ጋሽ ጠርሙስ የተባሉት በዚህ ነው። የማያውቋቸው ጠጪ ይመስሏቸው ነበር እንጂ መጠጥ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም።

በ1976 ዓ.ም. ፀጉር ሠሪ የነበሩትን ባለቤታቸውን አግብተው አንድ ወንድና ሁለት ሴት ልጆች ወለዱ። ባለቤታቸው ቀናተኛ ናቸው፤ ይህ እንዲጻፍም ራሳቸው ፈቅደዋል። ላቦራቶሪውን “ጣውንቴ” ይሉት ነበር። ለልጆች ቁርስ የተገዛ እንቁላል ለጠርሙሶቹ ሲሄድ ደማቸው ይፈላል። ወንድማችን ታክሲ ውስጥ የማያውቁት ሰው ሲያስል ዞር ብለው “ከጀመረህ ስንት ጊዜ ሆነህ?” ይላሉ፤ ለሚስታቸው አዲስ ቀሚስ ግን ዞር ብለው አያውቁም። ባለቤታቸውም ብልሃት አገኙ፤ ባላቸው ወደ ሥራ ሊወጡ ሲሉ ከጓዳ ሆነው ያስላሉ። ወንድማችን “አንቺ ደግሞ ጀመረሽ!” ብለው እየሳቁ ይወጣሉ።

በ1988 ዓ.ም. እውነተኛው ሳል ሲመጣም ያው ቅናት መስሏቸው ሳቁ። ወንድማችን የደነገጡት ባለቤታቸው ቀሚሳቸው እስኪሰፋቸው ድረስ ከከሱ በኋላ ነው። የተለመደው መድኃኒት ተሰጠ፤ ሳሉ ግን አልቆመም። ወንድማችን የሚስታቸውን አክታ በገዛ እጃቸው በጠርሙስ አሳደጉ። መድኃኒት ባለበት ጠርሙስም በቀለ። የዚያን ቀን አባታቸው ሲያለቅሱ ልጆቹ አይተዋል።

መድኃኒቱ በሌላ ተቀየረ፤ ሕክምናው ሁለት ዓመት ገደማ ፈጀ፤ መርፌውም የሚቻል አልነበረም። ወንድማችን ለመጀመሪያ ጊዜ ረጅም ፈቃድ ወስደው ቤት ዋሉ፤ መስኮቱን ወለል አድርገው ከፍተው ከአልጋው አጠገብ ተቀመጡ። ባለቤታቸው ዳኑ። ወንድማችንም ወደ ጠርሙሶቻቸው ተመለሱ። ያኔ ባለቤታቸው ባላቸውን ቤት ባዋለላቸው በገዛ በሽታቸው ቀኑ።

ወንድማችን በ2009 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። በሁለት ሰዓት ውስጥ ጀርሙንም መላመዱንም የሚለይ መሣሪያ ለክፍላቸው ሲመጣ ግን ወጣቶችን ላሠልጥን ብለው እንደገና ከቤት ጠፉ። ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ኅዳር 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

የተውት ባለቤታቸውን፣ ከባለቤታቸው ቀጥሎ ሦስት ልጆችንና አራት የልጅ ልጆችን ነው። ቅደም ተከተሉ የባለቤታቸው ትእዛዝ ነው። ትናንት ለቅሶ ቤቱ “ያተረፉኝ እሳቸው ናቸው” በሚሉ እንግዶች ሲሞላ፣ ባለቤታቸው “አልቅሱ፤ ከኔ በላይ ግን እንዳታለቅሱ!” ብለው ተቆጥተዋል።

ፈጣሪ የወንድማችንን ነፍስ ከደጋጎች ጎን ያሳርፍልን። ባለቤታቸውም የኔንም ልመና ጨምሩልኝ ብለዋል፦ “አደራህን ጌታዬ፣ እኔ እስክመጣ ሥራ እንዳትሰጠው።”