የመሪጌታ ደም

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ተናድጃለሁ። ደባርቅ ላይ መብራት ሁለት ቀን ጠፍቶ ዛሬ ሲመጣ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀመጥኩት የሕሙማን ደም ሁሉ ተበላሽቶ አገኘሁት። የሰውነት በሽታ መከላከያ የገዛ ሰውነቱን መገጣጠሚያ ለምን እንደሚያጠቃ ከዘረመል ለማወቅ ስንት ዓመት ለፋሁ!

ጣቶቻቸው ተቆልምመው ብዕር መያዝ ያቃታቸው መሪጌታ ከጊች መንደር በበቅሎ መጡ።

«ልጄ፣ ደሜ ምን አለ?»

«ተበላሸብኝ፣ የኔታ። ይቅር ይበሉኝ።»

«እንግዲያው ድገሚ» አሉኝ።

«ውጤቱ ቢገኝም መድኃኒቱ ለእርስዎ ላይደርስ ይችላል።»

«ለተማሪዎቼስ አይደርስም?»

«እሱንም በእርግጠኝነት አላውቅም፣ የኔታ» አልኳቸው። የእጅጌያቸውን ቁልፍ መፍታት ስላቃታቸው እኔ ፈታሁላቸው። ክንዳቸውን ሰጥተውኝ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ለካ መርፌ ይፈራሉ።