በመርፌ ያልነካሁት እጅሽ

ይድረስ ለስንዱ፣ ለቤቴ እመቤት፣ ለሆዴ።

እንዴት ሰነበትሽ እንዳልልሽ ቸገረኝ። ለስንቱ ሰው ደብዳቤ ስጽፍ የኖርኩት ሰውዬ ለገዛ ሚስቴ ስጽፍ መጀመሪያው ጠፋብኝ። ለሌላው ቢሆን «እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ» ብዬ እቀጥል ነበር። ላንቺ ደኅና ነኝ ብል ውሸቴን ነው፤ ውሸቴን ደግሞ ገና ከአፌ ሳይወጣ ታውቂብኝ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደኅና አይደለሁም። ከተለያየን አሥራ አንድ ወር አለፈ፤ መስከረም ሲያልቅ ዓመትሽ ነው። አሁን ጳጉሜን ላይ ነን። የምጽፍልሽ ከዳዊቱ ብራና ተቆርጦ በተረፈ ቁራጭ ላይ ነው፤ ጠርዙ ጠማማ ስለሆነ መስመሬም አብሮ ይጣመማል። እንዳትስቂብኝ።

የቤቱን ወሬ ልንገርሽ። ቦቃዋ ላማችን በግንቦት ወለደች፣ ጥጃዋም እንደ እናቷ ግንባሯ ነጭ ነው። የጣራው ሣር በምሥራቅ በኩል በስብሶ ክረምቱን ሙሉ ሲያፈስብኝ ከረመ፤ መደቡን ትቼ ምድጃው አጠገብ ነው የምተኛው። ጌሾሽ አጥሩን አልፎ ሄዷል፣ የሚቆርጠው ሰው ስለሌለ ጠግቧል። ጋፋት ያለው መዶሻ እንደሆነ ዛሬም አላረፈም። ንጉሡ መድፍ ማሠራቱን አልተዉም፣ ነፋሱ ወደ እኛ ሲዞር ቤቱ ውስጥ ድረስ ይሰማል።

ከሁሉ የሚከፋብኝ ቅዳሜ ነው። ወደ ደብረ ታቦር ገበያ የሚወጣው ሰው ደጃችን ላይ ይቆምና «የመርፌዋ ሴትዮ አለች ወይ?» ይላል። ሞትሽን ያልሰማ አሁንም አለ። በሰኔ አንድ ሽማግሌ ከአንበሳሜ ወገን በበቅሎ መጡ፤ ጉልበታቸው አብጦ ቅል አክሏል። የለችም አልኳቸው። የት ሄደች፣ መቼ ትመለሳለች አሉኝ። አጥሩን ይዤ አለቀስኩ። ሰውዬው የራሳቸውን ጉልበት ረስተው እኔን ሲያጽናኑ ዋሉ፣ እንዳመማቸውም ተመለሱ።

አገሩ ለቁርጥማት የሚያውቀው ዋግምት ነው። ያመመውን ቦታ በምላጭ ይበጣሉ፣ ቀንድ ይደፉበታል፣ ደሙን ይመጥጡታል። አንቺ ምላጭ አትወጂም ነበር። «ሰው በግ ነው እንዴ የሚተለተል?» ትያለሽ። ከእናትሽ የተማርሽው በመርፌ ነው። መርፌውን እሳት ላይ አግለሽ እስኪቀዘቅዝ ትጠብቂያለሽ፤ በአውራ ጣትሽ መገጣጠሚያውን እየተጫንሽ ሕመሙ የሚጮኽበትን ቦታ ትፈልጊያለሽ፤ አጥንቱን ሳትነኪ ከጎኑ ያለችውን ጎድጓዳ ቦታ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ጥቁር ደም ጠብ ይላል። በሞቀ ጨርቅ ትጠርጊውና ጤና አዳም ታሺበታለሽ። ያ ሁሉ ሲሆን አፍሽ አያርፍም፣ ተወጊው ስለ አማቱ ወይም ስለ በሬው እያወራ መወጋቱን ይረሳዋል። እኔ አጠገብሽ ተቀምጬ የሰዉን ክንድ እይዝልሽ ነበር። ሃያ ዓመት ያዝኩ።

ያ ከጋፋት የመጣው ቀጥቃጭ ትዝ ይልሻል? አንጓው ከመዶሻው ብዛት ተቆልፎ እንጀራ እንኳ መቁረስ አቅቶት ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ የቀጥቃጭ እጅ አትንኪ፣ ይበላሻል ብሎ ሲያስፈራራሽ «እኔን ለመብላት ጥርስ እንጂ አንጓ ምን ያደርግለታል!» ብለሽ አሳቅሽን። ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ዳነ። ያችን ቀጭን መርፌ ሠርቶ ያመጣልሽ እሱ ነው። መርፌ አግኝታ እንዲህ የተደሰተች ሴት አላየሁም፤ ጥሎሽሽን ስሰጥሽ እንኳ እንዲያ አልሳቅሽም። ይህን ስነግርሽ ሁልጊዜ ትቆጪ ነበር።

የኔንም ጣቶች ያቆየሽልኝ አንቺ ነሽ። ስጽፍ ውዬ እጄ እንደ ጭልፊት ጥፍር ሲቆለመም ማንም ሳይጠራሽ ትመጫለሽ። በሰው ፊት «አንቱ» ነኝ፤ ብቻችንን ስንሆን «አንተ ሰነፍ፣ አምጣው እጅህን» ነው። ያን «አንተ ሰነፍ» የሚለኝ ሰው አጣሁ። ሰዉ ሁሉ አሁን አንቱ ይለኛል፤ አንቱታ ብርድ እንደሆነ ያወቅኩት ዘንድሮ ነው።

የዳዊቱን ነገር እየዞርኩ እሸሻለሁ። ልናገረው።

እግዚአብሔር ልጅ አልሰጠንም። ስለዚህ ዳዊት ጽፈን ለደብሩ እንስጥ፣ ከሞትን በኋላ ካህኑ ባነበበው ቁጥር ስማችንን ይጥራልን ተባባልን። ወተትና ቅቤሽን እየለወጥሽ የፍየል ቆዳ ሰበሰብሽ፤ ወጥረሽ፣ ፍቀሽ፣ ከኔ እኩል ለፍተሽ ብራና አደረግሽው። እኔ ደግሞ ከመጀመሬ በፊት ለራሴ ሕግ አወጣሁ፦ የእግዚአብሔርን ስም የሚጽፍ እጅ እስኪጨርስ ደም አይነካውም። በግ አላረድኩም። ጣቶቼን እንኳ አንቺ እንዳትወጊኝ ከለከልኩሽ፤ ቢያመኝም ታገሥኩ። የሚያስመሰግነኝ መስሎኝ ነበር።

በሐምሌ ቁርጥማቱ ባንቺ ላይ ወጣ። መጀመሪያ ጉልበትሽ፣ ቀጥሎ አንጓዎችሽ፣ ከዚያ ጣቶችሽ። ስንቱን ሰው ያዳነችውን መርፌ ይዘሽ ወደ ራስሽ ስታዞሪያት ከጣትሽ አምልጣ ወደቀች፤ ጎንበስ ብለሽ ማንሳትም አቃተሽ። እኔ አነሳሁልሽ። ያኔ እጅሽን ዘረጋሽልኝና «እንካ አንተ፣ አንተ ታውቀዋለህ፣ ሃያ ዓመት አይተሃል፣ ጠቅ አድርግልኝ» አልሽኝ።

ዳዊቱ እስኪያልቅ ታገሽ አልኩሽ።

አልተቆጣሽም። ብትቆጪ ይሻለኝ ነበር። «ስንት ቀረህ?» አልሽኝ፤ ጥቂት ነው አልኩሽ። ጥቂት አልነበረም፤ መዝሙሩ ገና ከግማሽ ብዙም አላለፈም። እኔ ችዬው የለ እንዴ፣ እሷስ ምን ትሆናለች ብዬ አሰብኩ። የኔ ሁለት ጣት ነው፣ ያንቺ ግን መላ አካላትሽ ነበር። በምላጭ ዋግምት የሚያግም ሰው ልጥራልሽ ስልሽ አይሆንም ብለሽ ራስሽን ነቀነቅሽ። ከዚያ በኋላ አልለመንሽኝም። ጠዋት ጠዋት ብቻ፣ ብርዕ ስቀርጽ አይተሽ፣ «በርታ» ትይኝ ነበር። እኔ ጅሉ ለዳዊቱ የምትይ ይመስለኝ ነበር። ቶሎ ጨርስልኝ ማለትሽ ነበር ለካ።

በመስከረም ተስቦው ገባብሽ። ቁርጥማት አይገድልም፣ አንቺንም የወሰደሽ ተስቦው ነው፤ ይህን የሚያጽናናኝ ሁሉ ይነግረኛል። እኔን የሚበላኝ ግን አሟሟትሽ አይደለም፣ ሳትሞቺ የተቀመጥሽው ሁለት ወር ተኩል ነው። በመጨረሻው ቀን ካህኑ መጥተው ሲጸልዩልሽ ማማተብ ፈልገሽ ጣቶችሽ አልታጠፍ አሉሽ። እጅሽን ይዤ እኔ አማተብኩልሽ፤ ግንባርሽን፣ ደረትሽን፣ ግራሽን፣ ቀኝሽን። እንደነካሁሽ ፊትሽ ተኮማተረ፣ አመመሽ። ሌላውን ሁሉ ብረሳ ያንን ፊትሽን አልረሳም።

ከአርባሽ በኋላ ወደ ንስሐ አባታችን ሄጄ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ደሙን ፈርቼ ነው፣ ዳዊቱን እንዳላረክስ ብዬ ነው አልኳቸው። እሳቸውም «ልጄ፣ ይህን ማን አዘዘህ? እጅህን ታጥበህ ብትቀመጥ ይበቃ ነበር እኮ» አሉኝ። መቶ ስግደት ሰጡኝ። በዚህ ጉልበት መቶ ስግደት ቀላል አይደለም፤ ያችን ቃላቸውን ከመሸከም ግን ይቀላል። እጅህን ታጥበህ ብትቀመጥ! ውኃ እኮ ደጃችን ላይ ይወርድ ነበር፣ ስንዱዬ፣ ሐምሌ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዳዊቱን አልነካሁትም ነበር። ማኅደሩ ውስጥ ከትቼ ሰቀልኩት።

ታናሽ እኅትሽ ብርቄ ከቀብርሽ ጀምሮ አላናገረችኝም ነበር። እጅሽን እንደነፈግሁሽ ታውቃለች፤ አንቺ ባትነግሪያትም አይታለች። ፍልሰታ እንደተፈታ ግን ገብስ አሸክማ መጣች፣ ለተዝካርሽ ጠላ ብቅል ልታበቅል። እንዴት አደሩ ከማለት በቀር ቃል የላትም። ገብሱን በቀዝቃዛ ውኃ ስትዘፈዝፍ፣ ስታገላብጥ ሦስት ቀን ሆናት። በአራተኛው ቀን ጠዋት እጆቿ ተነፍተው፣ ያንቺን መስለው፣ ፊት ለፊቴ መጥታ ተቀመጠች። ዘረጋቻቸውና «አያ ተክሌ፣ እኔንም ዳዊቱ እስኪያልቅ ሊያስጠብቁኝ ነው?» አለችኝ።

ምድር ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ተነሥቼ ሙዳይሽን ከፈትኩ፤ ከሞትሽ ወዲህ ከፍቼው አላውቅም። መርፌዋ በጥጥ እንደጠቀለልሻት አለች። አጋልኩ፣ አቀዘቀዝኩ። ብርቄ «አይዞዎት» ትለኛለች፣ ተወጊዋ እሷ ሆና። በአውራ ጣቴ ተጫንኩ፣ የሚጮኸውን ቦታ አገኘሁት፣ ጎድጓዳዋን አገኘኋት። በያንዳንዱ አንጓ ላይ አራት ጊዜ። ጥቁሩ ደም ጠብ አለ። ጠረግሁት፣ ጤና አዳም አሸሁበት። ጥቂት ቆይታ ጣቶቿን አጠፈች፣ ዘረጋች፣ ደግማ አጠፈች። «ቀለለኝ» አለችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ትንሰቀሰቅ ጀመር። «እኅቴ ይህን አጥታ ነው የሞተችው» አለች። አዎ አልኳት። እኔም አብሬያት አለቀስኩ።

ስንዱዬ፣ እኮ ምን ያህል ፈጀ መሰለሽ? አንድ ብርዕ ለመቅረጽ የሚፈጀውን ያህል አልፈጀም። ያንን ነበር የለመንሽኝ። ያንን ነው የነፈግሁሽ።

ከዚያ ወጣሁ፣ እጄን በአመድ አሽቼ ታጠብኩ። ገብቼ ዳዊቱን አወረድኩና ካቆምኩበት ሦስት መስመር ጻፍኩ። ቀለሙ አልደፈረሰም። ብራናው አልተኮማተረም። ምንም አልሆነም። ምነው አንድ ነገር በሆነ፣ ምነው ሰማዩ በጮኸ፣ ትንሽ እንኳ ልክ ነበርኩ ብዬ እተኛ ነበር።

ዳዊቱን እጨርሰዋለሁ። ብርቄ ጣቶቼን እየወጋችልኝ ነው፤ መርፌውን እሷም እየተማረች ነው፣ ከኔ ይልቅ እጇ ይቀላል። ስምሽን በቀይ ቀለም፣ ከስሜ አስቀድሜ እጽፈዋለሁ። ካህኑ ያነበዋል፣ ሰዉም ደግ ሴት ነበረች ይላል። በሐምሌ ዝናብ እጅሽን ዘርግተሽ «ጠቅ አድርግልኝ» ማለትሽን ግን ዳዊቱ አይናገርም፤ ከእኔ በቀር የሰማው የለም። እሱን የማስታውስልሽ እኔ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ የመርፌዋ ሴትዮ አለች ወይ ለሚል ሁሉ ሞታለች፣ ግባ፣ እጅህን አምጣ እላለሁ። የጀመርኩት ቃል የፈጣሪ ስም ቢሆን እንኳ እመሃል ላይ ትቼው እነሣለሁ። የያዝኩት የማንም እጅ ይሁን፣ እስክሞት ድረስ ያንቺ ነው።

ባልሽ ተክሌ