ንጹሕ ነው ያልኩት ውሃ

ማላዊ፣ ከሐይቁ ዳር
ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 11

ውድ ባለቤቴ ዎንጋኒ፣

የጆሃንስበርግ ሥራ እንዴት ይዞሃል? ልጆቹ ደህና ናቸው። እናትህ ግን ሆስፒታል ከገቡ ዛሬ አምስተኛ ቀናቸው ነው። ኮሌራ ነው። በስልክ ልነግርህ ሞክሬ አፌ እምቢ አለኝ።

ሥራዬን ታውቀዋለህ። በወረዳው ጽሕፈት ቤት ሬዲዮና ጋዜጣ ስከታተል እውላለሁ፤ ሕዝቡ ያማረረውን መዝግቤ ለሚመለከተው ክፍል አስተላልፋለሁ፤ መልሱ በዚያው ቀን በሬዲዮ ይነበባል። ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴት በማለዳው ፕሮግራም ደውላ፣ «የጉድጓዳችን ውሃ ሸቷል፣ ልጆቹን ተቅማጥ ይዟቸዋል» አለች። የእናትህ መንደር ሰው ናት። መዝግቤ ወደ አለቃዬ ወደ ቺሲዛ ሮጥኩ።

«የውሃ ክፍል ሰዎች መኪናቸው ተበላሽቷል፤ ሐሙስ ሄደው ያዩታል» አለኝ።

«ታዲያ ሐሙስ እንመልስ።»

«ኤስናርት፣ እህቴ፣ መልስ ሳያገኝ ያደረ ነገር ካለ ከላይ የሚጠየቀው እኔ ነኝ። አስተባብዪልኝና እንገላገል!»

አስተባበልኩለት። እጄን ይቁረጠው! «ውሃው ተመርምሮ ንጹሕ ሆኖ ተገኝቷል» ብዬ ጻፍኩ። ማን መረመረው? ማንም። እኛ ቢሮ ወሬው ከተመለሰ ነገሩ እንዳለቀ ነው የሚቆጠረው። ቺሲዛማ በፈጣን ምላሹ ተመሰገነ!

አንተም አለህበት። ማስተባበያውን እዚያው ሆነህ በኢንተርኔት ሰምተህ «የኔ ጎበዝ» ብለህ ጻፍክልኝ፤ ለእናትህም ደውለህ «ምራትሽ ናት የጻፈችው፣ አትፍሪ» አልካቸው። ከሩቁ ቧንቧ መቅዳት ጀምረው ነበር፤ ባንተ ቃል ወደ ጉድጓዱ ተመለሱ።

ትናንት ሬዲዮ ጣቢያው ሄጄ፣ ውሸቱን የጻፍኩት እኔ መሆኔን በስሜ ተናገርኩ። ቺሲዛ ወዲያው ደውሎ፣ «አብደሻል? ሥራሽን በገዛ እጅሽ አጠፋሽው!» ብሎ ጮኸብኝ።

«ጉድጓዱስ ታሸገ?» አልኩት። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

ዛሬ ጠዋት አፍልቼ ያቀዘቀዝኩትን ውሃ ይዤ ወደ እናትህ ሄድኩ። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። ብርጭቆውን ሳቀርብላቸው እጄን ያዝ አድርገው፣ «ልጄ፣ መጀመሪያ አንቺ ጠጪ» አሉኝ። ጠጣሁ። ከዚያ ነርሷን ጠሩና፣ «ይሄ ውሃ ይጠጣል?» ብለው ጠየቋት።

ቶሎ ድረስ። እግዚአብሔር ለእሳቸው ምሕረቱን ይላክላቸው፣ ለእኔና ላንተ ደግሞ ዓይናቸውን የምናይበት ፊት ይስጠን።

ሚስትህ ኤስናርት